አጥሩ ሥር የወደቀችው ነጥብ

ሀይማኖት ድረ ገጿን ለሕዝብ በከፈተችበት ሳምንት የአባቷ ዛፎች ገዢ አጡ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለገም፤ የእሷው ነበር።

ድረ ገጹ የአዊ ዞንን ነፍሳት በየስማቸው የሚያሳይ ነው። ሥራው ደግሞ የሁለት ሰው። ባምላክ፣ እሷ በምትኖርበት በእንጅባራ ከተማ ባዮሎጂ የሚያስተምረው ወጣት፣ በዕረፍት ቀኑ ገጠር ለገጠር እየዞረ ጢንዚዛውንም ቢራቢሮውንም በስልኩ ያነሳል። ፎቶውን ማንም ሰው ገብቶ ሊያየው ወደሚችል ክፍት የመረጃ ቋት ይልከዋል፤ እዚያ በየአገሩ ያሉ አዋቂዎች አይተው ስም ያወጡለታል። ኮምፒውተር የተማረችው ሀይማኖት መረጃውን ከቋቱ እየሳበች በአስተኔ፣ በወገንና በዝርያ ትደለድለዋለች፤ የተገኘበትንም ቦታ ካርታ ላይ በቀይ ነጥብ ታሳያለች።

የተዋወቁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ባምላክ በፕላስቲክ ጠርሙስ የያዘው ፌንጣ አምልጦ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ሹፌሩ ሳይቀር ጮኸ። እሷ ግን ፌንጣውን አየት አድርጋ፣

«ስሙ ማን ይባላል?» አለችው።

«አላውቅም» አላት፤ «የኔ ግን ባምላክ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ከሥራ በቀር ሌላ ነገር አውርተው አያውቁም። እሱ ስለ ክንፍ ያወራል፣ እሷ ስለ ካርታ። አንዳንዴ ሁለቱም አንድ ስክሪን ላይ ያፈጣሉ፤ ክርናቸው ሲነካካ ደግሞ ሁለቱም እኩል ይቅርታ ይጠይቃሉ። ፈሪዎች ነበሩ፤ ሌላ ስም የለውም።

አርብ ዕለት የከሰል ነጋዴው ይኸነው መጣ። አባቷ አቶ ገብረ ማርያም ከቤታቸው ጀርባ ለከሰል ብለው ያሳደጉትን፣ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እንደቆመ ሊገዛ ቃል የገባ ሰው ነው። ወደ ውስጥ አልገባም። በር ላይ ቆሞ ስልኩን ዘረጋላቸው።

«ጋሽ ገብረ ማርያም፣ አይቀየሙኝ። ይሄ ግንድ የሚሰረስር ጢንዚዛ እርስዎ ዛፍ ላይ ተገኘ ይላል። ቴሌግራም ላይ ያላየው ሰው የለም። ካርታው ላይ ይኸው የቤትዎ ቆርቆሮ፣ ይኸው ጓሮዎ።»

«ኧረ ምንም የለበትም! ግባና ግንዱን አንድ ባንድ እይ።»

«ውስጥ ለውስጥ ነው አሉ የሚበላው። ላዩን ባየው ምን ዋጋ አለው? ሰኞ ከግብርና ቢሮ መጥተው ያያሉ አሉ። ተቆርጦ ይቃጠል ካሉ እኔ ምን ልሆን ነው?»

አቶ ገብረ ማርያም ስልኩን አዩ፤ ከዚያ ልጃቸውን አዩ።

«ይሄ ያንቺው ነው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

ስልኩን ለይኸነው መልሰው ወደ ጓሮ ዞሩ። ሀይማኖት በተቆጡኝ ስትል ተመኘች፤ መቆጣት የሚወድ ሰው ዝም ሲል ያስፈራል። የዓመት ኑሯቸው በዚያ ዛፍ ላይ ነው።

ፎቶውን ያነሳው ባምላክ ነበር። ደወለችለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ጫግኒ ወርዷል። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ስትደውል ዋለች። የከነከናት የስልኩ መዘጋት ብቻ አልነበረም። ጓሯችን ገብቶ አንስቶ፣ ምን እንደሆነ እያወቀ፣ እኔን አንድ ቃል ሳይነግረኝ? ያንን ሁሉ ጊዜ አጠገቤ ተቀምጦ?

«አጥፊውና እንረፍ» አለቻት እናቷ የሻረግ።

«እውነት ካለስ፣ እማዬ? የጎረቤቱም ዛፍ ያልቃል።»

ማጥፋቱማ ቀላል ነበር። ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ብዙ ከቆየች በኋላ አነሳችው። ይልቅ ባምላክ ከጓሯቸው ሌላ ምን እንዳነሳ ልትፈልግ ገባች።

ብዙ አገኘች። የአጥሩ ጥግ ላይ ነጥብ በነጥብ ላይ ተደራርቧል። አንዱን ስትከፍት ቢራቢሮ ነው፤ ቢራቢሮዋ ያረፈችው ማንጎ ቅጠል ላይ ነው። ሌላውን ስትከፍት ከኋላው የዘንገና ሐይቅ ውኃ ይታያል።

ማንጎ? በእንጅባራ ብርድ?

ያኔ ባምላክ አንድ ቀን እየሳቀ የነገራት ትዝ አላት። «ይቺ አሮጌ ስልኬ ኔትወርክ ከሌለ የቆመችበትን አታውቅም። መጨረሻ ያየችውን ቦታ ይዛ ትዞራለች።» ሰምታ ስቃ ነበር። ነጥቦቹን ሳታጣራ ካርታው ላይ የለቀቀችውም ይህን እያወቀች ነው።

እንግዲህ ጢንዚዛውም እንደ ቢራቢሮዋ የተነሳው ሌላ ቦታ እንጂ የእነሱ ዛፍ ላይ አልነበረም። ሀይማኖት በረጅሙ ተነፈሰች፤ ተንፍሳ ሳትጨርስ ግን ሌላ ጥያቄ መጣባት። ሰውየው ገጠር በወጣ ቁጥር የስልኩ የመጨረሻ ቦታ የእነሱ አጥር የሚሆነው ለምንድን ነው? ተነስታ በመስኮቷ አየች። መስኮቷ ከአጥሩ ጥግ ፊት ለፊት ነው፤ ከዚያ ቆሞ የሚታይ ሌላ ነገር የለም።

ፊቷ ጋለ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየላትም። ዛፉን ለማዳን ይህንኑ ለአባቷ መናገር አለባት። አንድ ጎረምሳ በየሳምንቱ አጥርህ ሥር ይቆማል ብሎ ለአባት እንዴት ይነገራል? ዛፉ ይተርፍና ባምላክ ቢባረርስ?

እሁድ አባቷ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ስልኩን ይዛ ቀረበች። የባምላክ ስልክ ቦታ እንዴት እንደሚሳሳት ነግራ ፎቶዎቹን አንድ ባንድ አሳየቻቸው።

«ማንጎ በእኔ ጓሮ?» አሉ አቶ ገብረ ማርያም። ፊታቸው ፈታ ሊል ሲል መልሶ ተኮሳተረ። «ታዲያ ስልኩ እኔ አጥር ሥር ምን ይሠራል?»

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«መስኮቴን… የሚያይ ይመስለኛል፣ አባዬ።»

የሻረግ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አቶ ገብረ ማርያም ዱላቸውን አንስተው ወጡ። ሀይማኖት ተከተለቻቸው። አጥሩ ጥግ አንዲት ቦታ ላይ ሣሩ ተረጋግጦ ተኝቷል። አባቷ እዚያው ላይ ቆመው መስኮቱን አዩ፤ ከዚያ መሬቱን አዩ።

ባምላክ የደረሰው በዚህ ሰዓት ነው። ኔትወርክ ሲያገኝ ጥሪዋንም ቴሌግራም ላይ የሚወራውንም ሁሉ አይቶ ከመኪና እንደወረደ አቧራውን ሳያራግፍ መጥቷል። እሳቸውን የእሱ ቦታ ላይ ቆመው ሲያይ ደሙ ከፊቱ ሸሸ።

«ጋሼ፣ ጢንዚዛውን ያነሳሁት አዲስ ቅዳም ከተማ አጠገብ አንድ ማሳ ላይ ነው። ሰኞ እዚሁ ቆሜ ለሚመጡት እናገራለሁ፤ ወደ ማሳውም እመራቸዋለሁ።»

«እሱን ለነሱ ትነግራለህ። እዚህ ምን ትሠራለህ ነው የኔ ጥያቄ።»

ባምላክ ሀይማኖትን አያት። አቀርቅራ ነበር፤ ቀና አለች። ተያዩ።

«መስኮቷ ሲከፈት ሳላይ መንገድ ከወጣሁ ቀኑ አይቀናኝም» አለ በመጨረሻ። «ሰው እንዳይጠረጥረኝ ስልክ የምነካካ እመስላለሁ። እወዳታለሁ፣ ጋሼ። ለእሷም ነግሬያት አላውቅም።»

የሀይማኖት እንባ ሳታስበው መጣ።

አቶ ገብረ ማርያም ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉት። «ለዛፌ የመጣው መዓት ያንተ ፍርሃት ነው በለኛ! ልጄን የሚፈልግ ሰው ሽማግሌ አስቀድሞ በዋናው በር ይመጣል። ያውም መጀመሪያ ዛፌ ይጽዳ!»

ያቺን ቀን ማንም እህል አልቀመሰም። ሰኞ ባለሙያዎቹ መጥተው ከየቦታው ጥቂት ግንድ እየሰነጠቁ አዩ፤ በእያንዳንዱ የመጥረቢያ ምት ሀይማኖት ዓይኗን ትጨፍን ነበር። ምንም አልተገኘም። ከባምላክ ጋር አዲስ ቅዳም ሄደው የታመመውን ማሳ ሳይዛመት ደረሱበት። ሀይማኖትም ስህተቱን በድረ ገጿ ላይ በግልጽ ጽፋ ነጥቦቹን ወደየቦታቸው መለሰች። ይኸነው አፍሮ ተመለሰና ዛፉን ገዛ።

ሽማግሌዎቹ በዋናው በር መጡ፤ አቶ ገብረ ማርያም ብዙ አላስለመኗቸውም።

በማግስቱ ባምላክ አጥሩ ሥር ተንበርክኮ እንጨቱ ላይ የምትወጣ ጉንዳን ያነሳ ነበር። ስልኩ ቦታውን በትክክል እስኪያገኝ ድረስ ጠበቀ። መስኮቱ ተከፈተ።

«ስሙ ማን ይባላል?» አለችው ሀይማኖት።

«አላውቅም» አላት ቀና ብሎ፤ «ቦታው ግን ትክክል ነው።»