ዝናቡን የበላው ማሽን

ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣም ካለ ዓመታት ያለፏቸው ሽማግሌ፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ፣ ያለ ጃንጥላ ወደ ጓሮው የብረት ደረጃ ምን ሊያደርጉ ሄዱ? መርማሪዋ ሬሳው አጠገብ ቆማ ይህን ጥያቄ ደጋግማ ለራሷ አቀረበች።

ሟቹ አሮጌ ፊልሞች የሚጠበቁበት የፊልም ማኖሪያ ቤት ጠጋኝ ነበሩ። ዕድሜያቸውን የተበጠሰ ፊልም ሲቀጥሉ ስለኖሩ የሚጠሯቸው ሁሉ «ጋሼ ሙጫ» ይሏቸዋል። ማለዳ ያገኛቸው ዘበኛው ነው፤ ከደረጃው ግርጌ በግንባራቸው ተደፍተው፣ ሸሚዛቸው ገላቸው ላይ ተጣብቆ። ሌላ ሰው ሳይደርስ ከአንገት እስከ እግራቸው በሸራ ሸፈናቸውና መርማሪዋ እስክትገልጠው ማንንም አላስነካም። ሐኪሙ ራሳቸው ከብረቱ ጋር እንደተጋጨ፣ ወዲያው ግን እንዳልሞቱ፣ ሰው ቢደርስላቸው ኖሮ ሊተርፉ ይችሉ እንደነበር ተናገረ።

ይህን አባባል በሥራ ዘመኗ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። ጡረታዋ ተቃርቧል፤ እግሯ ያብጣል። ሰው ለምን እንደሚገድል መገረም ካቆመች ቆይታለች። አሁንም የሚገርማት፣ ሰው ሰውን ወድቆ እያየ እንዴት ትቶት እንደሚሄድ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ገና ሳይጠየቅ የጓሮውን ካሜራ ምስል ይዞ ቀረበ። ምስሉ ላይ ጋሼ ሙጫ ኮታቸውን ለብሰው፣ እያነከሱ ግቢውን አቋርጠው ካሜራው ወደማይደርስበት ወደ ደረጃው በኩል ያልፋሉ፤ አይመለሱም። ቆየት ብሎ የገዛ ልጃቸው ጃንጥላ ይዛ ትገባለች፤ የሥራ ክፍላቸውን በር ታንኳኳለች፤ ጥቂት ቆማ ትወጣለች። ሌላ ሰው የለም።

ልጅቷ እዚያው ቤት ትሠራለች፤ አሮጌ ፊልም በኮምፒውተር የምታጸዳው እሷ ናት። ቤቱ አንድ የድሮ ፊልም አድሶ ለማሳየት እየተዘጋጀ ነበር። በፊልሙ መጨረሻ አንዲት ሴት ዝናብ ውስጥ ቆማ የማይመጣ ሰው ትጠብቃለች። የምታጸዳበት ማሽን ደግሞ በአንዱ ፍሬም፣ በአንዷ ነጠላ ምስል፣ ታይቶ በሚቀጥለው የሚጠፋን ነገር ሁሉ ቆሻሻ ነው ብሎ ያነሳል፤ ዝናብም ለእሱ ቆሻሻ ነው። እናም ዝናቡን በላው። ሴትዮዋ ጸጉሯ በስብሶ ደረቅ መንገድ ላይ ቆማ ቀረች። ጋሼ ሙጫ ይህን ባዩ ቀን ልጃቸውን በሰው ፊት «ደላዥ» አሏት። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ሰላምታም አልነበራቸውም።

ጠቡን ለመርማሪዋ የነገራት ዘበኛው ነው። ማሽኑን ከልጅቷ ሌላ የሚነካው ሰው እንዳለ ጠየቀችው።

«ሥራ አስኪያጁ፣ ለእንግዳ ሲሆን» አለ። «አንዷን ቁልፍ መጫን አስተምራዋለች። ባለፈው ለትርዒት ብሎ እኔን ከበሩ ካሜራ ምስል ላይ አጠፋኝ። እንግዶቹ በሩ ብቻውን ዘብ ቆሞ ሲያዩት ሳቁ።»

«አንተስ?»

«እኔማ፣ ከደሞዝ መዝገቡም እንዳያጠፋኝ ብዬ አብሬ ሳቅሁ።»

የፊልሙ አንጋፋ ተዋናይት ለምርመራ ሲጠሩ ተቆጥተው መጡ። ጉንጫቸው ላይ የልጅነት ጠባሳ አለ። ማሽኑ እንዲያነሳላቸው ለምነው ነበር፤ ጋሼ ሙጫ እምቢ አሉ።

«እኔ ብገድለው ኖሮ በወጣትነቴ ነበር፤ ጉልበት ሳለኝ» አሉ ተዋናይቷ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዕድሜዬን በሙሉ በቅባት ስደብቀው ኖርኩ። እሱ ያንን ፊልም ሲያጥብ፣ ሲቀጥል፣ ጠባሳዬን ስንት ጊዜ እንዳየው ይቁጠሩት። ጠልቶት አያውቅም።»

ሥራ አስኪያጁ ዝናቡ ሳይጀምር ከቢሮ እንደወጣ ተናገረ። በቆርቆሮ ስለታሸጉት አሮጌ የፊልም ጥቅሎች ሲናገር አፍንጫውን አጨማደደ፤ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይሸታሉ፣ ከብረት ደረጃው በላይ ያለውን ቀዝቃዛ ክፍል ሞልተውታል፣ አንዴ ወደ ኮምፒውተር ከተቀዱ ምን ያደርጋሉ አለ። መርማሪዋ የጓሮው ቁልፍ የት እንደሚሰቀል ብቻ ነበር የጠየቀችው። ነገራትና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼን አያውቋቸውም። ቆርቆሮ እንዳይበሰብስ ብለው ኮታቸውን አውልቀው የሚያለብሱ ሰው፣ ዝናብ ውስጥ ቢሞቱ ምን ይደንቃል?»

ልጅቷ የመጨረሻዋ ነበረች። ዓይኗ ደርቋል።

«ከአባትሽ ጋር አትነጋገሩም ነበር» አለቻት መርማሪዋ።

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«የማሳየው ነገር ነበረኝ።»

«ምን?»

«ለእሱ ነበር።»

የመርማሪዋ አለቃ ስልክ ደውሎ፣ ምስሉ ላይ ከልጅቷ ሌላ ሰው ከሌለ ምን ይጠበቃል፣ ዛሬውኑ ትታሰር አለ። እሷም ጀንበር እስክትጠልቅ ጊዜ ለመነችው።

ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ምስሉን እንደገና አየችው። ደጋግማ አየችው። ልጅቷ ስትወጣ ጃንጥላዋን ዘንበል አድርጋ ሽቅብ ታያለች። ንጣፉ ይብለጨለጫል። ደረጃው አጠገብ ውሃ አቁሯል፤ ላዩ ግን እንደ መስታወት ጸጥ ብሏል፤ አንዲት ክብ እንኳ አትነሳበትም። መርማሪዋ እግሯን ከወንበሩ አወረደች። ባልደረባዋን ጠርታ አንድ ነገር እንዲፈልግ ላከችው፤ አራቱንም ሰዎች በቤቱ ትንሽ ሲኒማ አዳራሽ ሰበሰበች።

እሷ እንደማንኛውም ተመልካች የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ መቆም ሰልችቷታል። ልጅቷን የፊልሙን መጨረሻ በማሽኑ እንድታሳልፈው ጠየቀቻት። ዝናቡ ጠፋ። ቀጥላ የጓሮውን ምስል አስከፈተች።

«ያን ዕለት ግቢው ውስጥ ዘንቧል?» አለች ዘበኛውን።

«ምኑን ይጠይቁኛል? ጋሼን ውሃ ውስጥ አይደል እንዴ ያገኘኋቸው?»

«እዚህ ግን ጠብታ የለም። ልጅቷ ጃንጥላ የያዘችው ለምንድን ነው? ከዚህ ምስል ላይ ሰው ተፍቋል። የፋቀው ማሽን ሰውየውን ሲያነሳ ዝናቡንም አብሮ በላው።»

ሥራ አስኪያጁ በለሰለሰ ድምፅ ማሽኑ የማን እንደሆነ ጠየቀ። ሁሉም ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«እኔም መጀመሪያ እንዲያ ብዬ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ግን ይህ ማሽን ዝናብ እንደሚበላ ከዚህች ልጅ በላይ ማን ያውቃል? በእሱ ምክንያት አባቷ ዘግቷታል። ልጄ፣ ለአባትሽ ልታሳዪው የነበረውን ክፈቺልን።»

ልጅቷ አመነታች፤ ከዚያ ከፈተችው። ያው መንገድ፣ ያችው ሴት ነች። ዝናቡ ግን ይወርዳል። እያንዳንዱን ፍሬም ከዋናው ፊልም ጋር እያስተያየች፣ ጠብታ በጠብታ፣ ማሽኑ የበላውን በእጇ መልሳዋለች። ተዋናይቷ በእጃቸው አፋቸውን ያዙ።

«ለአንዲት ጠብታ እንዲህ የደከመ ሰው፣ ምስል ቢሰርዝ ዝናቡን ረስቶ አይሄድም» አለች መርማሪዋ። «የሚረሳው አንዷን ቁልፍ ብቻ የሚያውቅ፣ ዝናቡን ልብ ብሎ ያላየ ሰው ነው።»

ዘበኛው ቀስ ብሎ ከሥራ አስኪያጁ ራቅ አለ።

«ይህ ግምት ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ይሁን። ምስሉ ላይ ሽማግሌው ኮት ለብሰዋል። ሲገኙ ግን በሸሚዝ ብቻ ነበሩ፤ ዘበኛውም ማንም ሳያያቸው ሸፍኗቸዋል። ኮታቸውን አውልቀው ቆርቆሮ እንዳለበሱ አንተ በምን አወቅህ?»

እስከዚያች ቃል ድረስ «እርስዎ» ስትለው ነበር።

እሷም በዝግታ ቀጠለች። ከተቀዱ በኋላ አያስፈልጉም ያላቸውን ዋና ጥቅሎች፣ የቆሻሻ መኪና እንዲወስዳቸው፣ ማንም ሳያይ ደረጃው ሥር አስከምሯቸው ነበር። ጋሼ ሙጫ ክምሩን በመስኮት አዩት። በዚያ ጉልበታቸው ደረጃውን የወጡት ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ሊመልሱ ነው። ኮቱን ያለበሱት የመጨረሻውን ጥቅል፣ የዝናቡን ነው። ባልደረባዋ አሁን ከሥራ አስኪያጁ መኪና ኋላ ከነኮቱ አግኝቶታል።

ሥራ አስኪያጁ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ደክሞት የቆየ ይመስል ነበር።

«አልገፋኋቸውም» አለ። «ለሰው ሁሉ አወራለሁ አሉኝ። ቆርቆሮውን ብስበው አልለቅም አሉ፤ ጎተቱ። እኔ ለቀቅሁት።»

«ከዚያስ?»

«ዝናብ ነበር» አለ።

ወሰዱት። ተዋናይቷ ሲወጡ ልጅቷን ትከሻዋን ይዘው፣ ጠባሳዬን እንዳትነኪው፣ አባትሽ እንደተወው ተዪው አሏት። ልጅቷ የአባቷን ስልክ ለመነች። መርማሪዋ ፍርድ ቤት ሳይፈቅድ መስጠት እንደማትችል ነገረቻት፤ ይህን ማለትም ሰልችቷት ነበር።

ቢሮዋ ተመልሳ ሪፖርቱን ስትጽፍ፣ ጠረጴዛዋ ላይ የታሸገው የፕላስቲክ ከረጢት በራ። በውስጡ ያለው የሽማግሌው ስልክ ነው። «ልጄ» ከሚል ስም መልእክት ገብቷል።

«አባዬ፣ ዝናቡን መልሼዋለሁ። አንዲት ጠብታ አልቀረችም።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አንድ ሰው የሚመልስ ይመስል፣ ስልኩን እያየች ጠበቀች። የስልኩ መብራት ደብዘዝ አለ፤ ጠፋ።