ከኮንክሪቱ ክፍል የመለሰልን

እኔ፣ ልንገራችሁና፣ በጂን፣ በመንፈስ፣ በምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፣ ነቀምቴ ተመድቤ ስመጣ ጨለለቂ ሰፈር የተከራየሁትን ቤት ጎረቤቶቼ «እዚያ ቤት ሌሊት ሌሊት ይራመዳል» ሲሉኝ «ጫማውን ካወለቀ ይራመድ» ብዬ የሳቅሁ ነኝ፣ የሲቪል ምህንድስና መምህር ስለሆንኩ የማምነው በተለካ ነገር ብቻ ነው፣ ችግሩም እዚህ ላይ ነው፣ ይሄኛው ተለክቷል።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዩኒቨርሲቲያችን የያዝነው ጥናት ከመሬት በታች ስለሚሠራ መጠለያ ነበር፣ ከላይ ከባድ ነገር ቢፈነዳ ውስጥ ያሉት ሰዎች በሕይወት የሚወጡበት ክፍል፣ ውጤቱ ካማረ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ግቢ ለልጆች ሊሠራ ታስቧል፣ «ውስጡ ያለ ሰው ይተርፋል» ብዬ የምፈርመው ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ውስጥ ከበቆሎ ማሳ ጥግ በጥልቀት ቆፍረን አንዲት ጠባብ የኮንክሪት ክፍል ቀበርን፣ ግድግዳዋ ላይ ንዝረት የሚለኩ ሴንሰሮች ለጠፍን፣ ከዚያ ሁለት ቶን የሚመዝን ብረት በክሬን አንስተን ከላይዋ እንጥልባታለን።

አራት ነበርን። እኔ፣ ላፕቶፕ ላይ የማትጠፋው የማስተርስ ተማሪዬ ላሊሴ፣ የክሬኑ ኦፕሬተር ቶለሳ፣ እና ቆፋሪያችን ጋሽ ሰይድ። ጋሽ ሰይድ ወላጆቻቸው ከወሎ መጥተው ኪራሙ የሰፈሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የእህል ጉድጓድ ሲቆፍሩ የኖሩ፣ ከተፈናቀሉ ወዲህ ነቀምቴ የቀን ሥራ የሚሠሩ ሰው ናቸው፣ አፈር በእጃቸው ዘግነው ብቻ ከኔ ላብራቶሪ የተሻለ ይናገራሉ፣ ይሄን ሳልወድ ነው የማምነው።

አንድ ደንብ ነበረን። ሽቦ ለማስተካከል አንዳችን ወደ ውስጥ ስለምንገባ፣ ብረቱ ከመጣሉ በፊት ጋሽ ሰይድ የአየር ማስገቢያውን ቱቦ በመዶሻ ሦስት ጊዜ ይመታሉ፣ ውስጥ ሰው ካለ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ መትቶ ይመልሳል፣ ዝም ካለ ባዶ ነው፣ ይጣላል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ሰይድ ገና በመጀመሪያው ቀን «ኢንጂነር፣ ዝም ያለ ሁሉ የለም ማለት አይደለም» ሲሉኝ «ጋሼ፣ ደግሞ ፍልስፍና ጀመሩ» ብዬ አሾፍኩባቸው።

ያን ቀን አምስት ሰዓት ላይ ከዩኒቨርሲቲው እንግዶች ሊመጡ ነበርና ቸኩያለሁ። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከትቻለሁ። ጋሽ ሰይድ ሦስት ጊዜ መቱ፣ ዝም አለ፣ ቶለሳ ብረቱን ሊለቅ እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ ከታች፣ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ተመታ።

ቶለሳ ሞተሩን አጠፋና «ኬሳ ነምኒ ጂራ?» አለ፣ ውስጥ ሰው አለ እንዴ ማለቱ ነው። ራሳችንን ቆጠርኩ። አራታችንም ፀሐይ ላይ ቆመናል።

ተናድጄ፣ እመኑኝ ያኔ ንዴት እንጂ ፍርሃት አልነበረም፣ በሩን ከፍቼ በባትሪ ወረድኩ። ማንም የለም። ብቻ ከሴንሰር አራት አጠገብ፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ግድግዳው ላብ ላብ ብሎታል፣ ሰው ተቀምጦ ጀርባውን አስደግፎበት የተነሣ ይመስላል፣ ስነካው ይሞቃል። ሲሚንቶ ሲጠነክር ይሞቃል አልኩ ለራሴ፣ ኮንክሪቱ ግን ከተሞላ ሁለት ወር አልፎታል፣ ይሄን ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ወጥቼ ቆለፍኩና «እስቲ ድገሙት ጋሼ» አልኩ። ሦስት መቱ። ሁለት ተመለሰ።

«የድምፁ ማሚቶ ነው» አልኩ።

«ማሚቶ ቢሆን ሦስት አይመልስም ነበር ቲቸር?» አለች ላሊሴ፣ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳታነሣ። «ደግሞ ምቱ የሚታየው ሴንሰር አራት ላይ ነው። ሌሎቹ ዝም ብለዋል።»

ጋሽ ሰይድ መዶሻውን እንደያዙ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «እኛ ኪራሙ እህል ጉድጓድ ውስጥ የተደበቅን ጊዜ ከላይ ሰዎች ጠርተውን ነበር» አሉ። «ፈርተን ዝም አልን። ለካ ዘመዶቻችን ኖረዋል፣ የሉም ብለው ሄዱ። ስንወጣ ታናሽ ወንድሜ አብሮን አልወጣም። ይሄ ግን እየመለሰ ነው ኢንጂነር። ወላሂ፣ ብረቱን አትጣሉበት።»

በዚህ መሐል የእንግዶቹ መኪና አቧራውን እያስነሳች ብቅ አለች። ምን ልበላቸው? ባዶ ክፍል ውስጥ ሰው አለ ልበል? አፈርኩ፣ እውነቱ ይሄ ነው፣ ከፍርሃቴ ሐፍረቴ በለጠ። «ቶለሳ፣ ልቀቀው» አልኩ። አየኝ፣ «ያ ጎፍታ»፣ ጌታ ሆይ፣ አለና ለቀቀው። መሬቱ እግራችን ሥር ዘለለ።

ጋሽ ሰይድ አልመታም ስላሉ መዶሻውን ተቀብዬ ቱቦውን ራሴ ሦስት ጊዜ መታሁ። ዝም አለ። ደግሜ መታሁ። ዝም። ወርደን ስናይ ግድግዳው ላይ አንዲት ስንጥቅ የለም፣ እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ እኔ ደግሞ ያን እርጥብ ቦታ ፈለግሁት፣ ደርቋል፣ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ጋሽ ሰይድ ጃኬታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በበቆሎው መሐል ሄዱ፣ ከዚያ ወዲህ ስልካቸው አይሠራም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እረሳው ነበር።

ባለፈው ሰኞ ላሊሴ ደወለች፣ መመረቂያ ጽሑፏን ስትጨርስ ነው፣ ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ያን ቀን እንግዶቹን ይዘን ለምሳ ከተማ ስንገባ የሴንሰሮቹን መቅጃ ሳናጠፋው ኖሯል። እኛ ከሄድን በኋላ፣ ሜዳው ላይ ሰው በሌለበት፣ ሴንሰር አራት ላይ ምት አለ።

«ሁለት?» አልኳት።

«ሦስት» አለች። «ሦስት ይመታል፣ ይጠብቃል፣ እንደገና ሦስት ይመታል። ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ።»

ሦስት የሚመታው፣ ታስታውሳላችሁ፣ ሰው አለ ወይ ብሎ የሚጠይቀው ነው።

የትምህርት ቤቱ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ በልኬቱ ከሄድን ውስጥ ያለው ተርፏል፣ ብፈርም አልዋሸሁም። የክፍሏ ቁልፍ ዛሬም ኪሴ ውስጥ ነው። ሄጄ ሁለት ጊዜ መምታት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ፈርቼ ነው ያልሄድኩት።