መስመሩ ላይ ሰው አለ

ፀገነት የሟቹን ግራ እግር ቀና አድርጋ አየችና ካልሲውን ከላስቲክ ከረጢቱ አውጥታ መብራት ላይ ዘረጋችው። ውስጥ እግሩ ላይ ሽምብራ የምታህል የተቃጠለች ጥቁር ነጥብ አለች። ካልሲው ግን ምንም አልሆነም። የጫማው ሶልም ደህና ነው።

«ይኼ ሰው ሲሞት ባዶ እግሩን ነበር» አለች ለራሷ።

ይህን ለማየት መርማሪ መሆን አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። ፖሊስ ግን መብራት ሲሰርቅ የሞተ ሌባ ነው ብሎ መዝገቡን ዘግቶታል።

ሟቹ ፋንታሁን የተፈሪ ተቀጣሪ ኤሌክትሪሺያን ነበር። ተፈሪ ደግሞ ለአንድ የግል የኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያ የሚሠራ ተቋራጭ ነው። ኩባንያው አካባቢን እጠብቃለሁ፣ ማኅበራዊ ኃላፊነቴንም እወጣለሁ ብሎ ጆበርግ ዳር አይቮሪ ፓርክ በሚባል ሰፈር ላለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት የፀሐይ ፓኔልና ባትሪ በተፈሪ በኩል አስተክሏል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ፋንታሁን በመዋዕለ ሕፃናቱ ጓሮ፣ ወደ ጎረቤት ሱቅ የተዘረጋ ገመድ እንደጨበጠ ሞቶ ተገኘ። ከሕፃናቱ መብራት ጠልፎ ለሐበሻ ሱቅ ሊሰጥ ነበር ተባለ። ኩባንያው በዚህም አላበቃም፤ ለጥንቃቄ በሚል በመንገዱ ያሉትን ቤቶች መብራት በሙሉ ቆረጠ።

ፀገነት አዲስ አበባ ተወልዳ እዚሁ ጆበርግ፣ ቤሪያ ሰፈር ያደገች የሥራ ላይ አደጋ መርማሪ ናት። ኩባንያው የቀጠራት ደንቡ ስላስገደደው ነው። ከሬሳ ክፍሉ እንደወጣች የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ደወለላት፤ የምረቃው በዓል አርብ ነው፣ ጋዜጠኞች ተጠርተዋል፣ እስከዚያ ፈርመሽ ጨርሺልን አላት። የእግሩን ቃጠሎ ልታስረዳው ስትጀምር ሌላ ስልክ መጣብኝ ብሎ ዘጋው። ፖሊስ ጣቢያውም ስልክ አያነሳም። በጣም ተናደደች።

ፊቤ፣ የሟቹ ሚስት፣ ቤሪያ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ለቅሶ ደራሽ የለም ማለት ይቻላል። መጥቶ ከደጅ የሚመለሰው ይበልጣል፤ የሌባ ለቅሶ ማን ይቀመጣል?

«እትዬ ፀገነት፣ ገንዘብ አልፈልግም» አለች። «ሬሳው አገር ቤት ሳይሄድ ሌባ አይደለም በሉልኝ። እናቱ ፊት እንዴት ብዬ ነው የምቆመው?»

እሑድ ፊቤ አሟት ቤት ቀርታለች። ፋንታሁን ለጸሎት ሲወጣ፣ ከምረቃው በፊት አንድ ነገር በዓይኔ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ብሏት ነበር። ምን እንደሆነ አልነገራትም።

አይቮሪ ፓርክ ስትደርስ የመዋዕለ ሕፃናቱ ኃላፊ ማ ዲኔዎ በር ላይ ጠበቀቻት። በአካባቢው የሚከበሩ ትልቅ ሴት ናቸውና አንቱ እንበላቸው። አዳራሹን ዘወትር እሑድ ለሐበሾች የጸሎት ማኅበር ያውሳሉ። የእመቤታችን ሥዕል ይሰቀላል፣ ሰዉ ጫማውን ደጅ አውልቆ ይገባል፣ ሲያበቃ ተረኛው ሥዕሉን አውርዶ በነጭ ጨርቅ ይጠቀልልና ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣል። በዚያ እሑድ ማ ዲኔዎ ሰዉ እንደወጣ ወለሉን ወልውለው ቤታቸው ደርሰው መጡ። ሲወጡ ሥዕሉ እንደተሰቀለ ነበር። ሲመለሱ ወርዷል፤ ጓሮ ደግሞ ሬሳ አለ።

ስለ ፀሐይ መብራቱ ስትጠይቃቸው ምሬታቸው ገነፈለ።

«የመንገዱ መብራት ሲጠፋ የእኛም ይጠፋል። ባትሪ አለ ብላችሁኛል፤ ታዲያ ባትሪው ምን ይሠራል? ለኩባንያው ስንቴ ነገርኩ። የሚመጣው ግን ፎቶ የሚያነሳ ሰው ብቻ ነው።»

ፎቶ አንሺው ኢዮኤል ነው፣ የኩባንያው የማኅበራዊ ኃላፊነት ሠራተኛ። ጆበርግ የተወለደ የሐበሻ ልጅ ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ግን ስክሪኑን እንጂ ዓይኑን አያምንም። አዳራሹ ውስጥ ያለውን ትልቅ የባትሪ ካቢኔ በኩራት አሳያት።

«ከፍተህ አይተኸዋል?» አለችው።

«ሲስ ፀጊ፣ ቁልፉ ጋሽ ተፈሪ ጋ ነው። ሳይት ስመጣ መብራቱ በርቶ ነበር። ፎቶ አነሳሁ፣ ሪፖርቱን ሰብሚት አደረግኩ። ኢናፍ መስሎኝ ነው።»

ጎረቤቱ ሱቅ የይገረም ነው። ይገረም ከሆሳዕና የመጣ፣ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ሆኖ ዳቦና ዘይት የሚሸጥ ሰው ነው። አሁን ግን ዳቦው ደርቋል። መብራታችንን ያስቆረጥከው አንተ ነህ ብለው ደንበኞቹ ሸሽተውታል፤ ትናንት አንዱ ሱቁን እናቃጥላለን ብሎ ዝቶ ሄዷል።

«እህቴ፣ እኔ ጴንጤ ነኝ፣ እዚያ አዳራሽ ገብቼ አላውቅም» አላት። «ሌባ ይሉኛል፤ የተሰረቅኩስ እኔ ነኝ። የመብራት ካርድ አስሞልቼ ሁለት ቀን አይቆይልኝም። ያለኝ አንድ ፍሪጅ ነው፤ ማን ይበላዋል?»

ፀገነት ወደ ሱቁ ጀርባ ዞረች። ግድግዳው ላይ አንድ የማብሪያ ሣጥን አለ፣ ይገረምም የኩባንያው ነው ሲባል ሰምቷል። የመቆለፊያ ማንጠልጠያው ጫፍ ላይ አዲስ ጭረት አየች። የሟቹ መሣሪያ ሣጥን ውስጥ አንድ ቀይ መቆለፊያ ነበር፣ ያልተቆረጠና እንደተቆለፈ። ቁልፉ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ተገኝቷል። ይህን ሁሉ ፖሊስ መዝግቦት ነበር፤ መዝግቦ ተወው እንጂ።

ተፈሪን ያገኘችው ቢሮው ነው። ጠና ያለ፣ በማኅበሩ የተከበረ፣ ለተቸገረ እጁን የማይሰስት ሰው ነው። በፋንታሁን ሞት ማዘኑንም ነገራት፤ እንባው የውሸት አይመስልም ነበር።

«ጋሽ ተፈሪ፣ ሠራተኞችዎ ከኤሌክትሪክ የሚጠነቀቁት እንዴት ነው?»

«እያንዳንዱ የራሱ መቆለፊያ አለው። ማብሪያውን ያጠፋል፣ ይቆልፋል፣ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። የተቆለፈ ማብሪያ ማንም አይነካም። መስመሩ ላይ ሰው አለ ማለት ነው።»

«ቁልፉን ቢጥልስ? መቆለፊያው ሊቆረጥ ነው?»

«ለእሱም መላ አለው» አለ ፈገግ ብሎ። «በዕድሜዬ አንድ መቆለፊያ አስቆርጬ አላውቅም።»

እሑድስ? ጸሎቱ እንዳለቀ ከሰዉ ጋር ወጥቶ ወደ ቤቱ መሄዱን ነገራት። ተረኛው ማን እንደነበረ አልጠየቀችውም። እሱን የማኅበሩን ሰዎች ጠየቀች።

ሐሙስ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች። ፖሊስ ለማምጣት ጣቢያው በር ላይ ግማሽ ቀን መቆም ነበረባት። ማ ዲኔዎ፣ ፊቤ፣ ይገረም፣ ኢዮኤልና ተፈሪ በሕፃናቱ ትንንሽ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ደጅ የመንገዱ ሰው ተሰብስቧል፤ ፊቱ ሁሉ ቁጣ ነው። ፖሊሱ የካቢኔውን የኋላ ክዳን ፈታው። ውስጡ ባዶ ነው። ከወለሉ ሥር የሚወጣ አንድ ወፍራም ገመድ ብቻ አለ።

ኢዮኤል ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ሁላችንም ገመዱን ያየነው በተገላቢጦሽ ነው» አለች ፀገነት። «መብራቱ ከዚህ ወደ ሱቁ አይሄድም፤ ከሱቁ ወደዚህ ይመጣል። የይገረም መብራት ቶሎ የሚያልቀው፣ የመንገዱ ሲጠፋ የማ ዲኔዎም አብሮ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ፓኔሎቹ ለዓይን ናቸው፤ የባትሪው ገንዘብ ተከፍሏል፣ ባትሪ ግን አልተገዛም።

«ፋንታሁን ይህን ጠርጥሯል። እሑድ ከጸሎት በኋላ ከሱቁ ጀርባ ያለውን ማብሪያ አጥፍቶ፣ መቆለፊያውን አንጠልጥሎ ካቢኔውን ሊከፍት እዚህ ገባ። ሥዕሉ ገና አልወረደም ነበርና ጫማውን ደጅ አወለቀ። ማንኛችንም የምናደርገው ነው። ወለሉ ተወልውሎ እርጥብ ስለነበር ካልሲውንም አወለቀ። የካቢኔውን የኋላ ክዳን ፈትቶ የገመዱን ጫፍ ሲይዝ አንድ ሰው ማብሪያውን መለሰው። በጓሮ ቢሞት ኖሮ ጫማው በእግሩ ይሆን ነበር፣ ካልሲውም ይቃጠል ነበር። ካልሲና ጫማውን ሌላ ሰው ነው ያጠለቀለት፤ ጫማው ደጅ ከተገኘ አዳራሹ ውስጥ መሞቱን ሐበሻ ሁሉ ያውቃልና።»

«ያ ሰው ማነው?» አለች ፊቤ።

«ጭረቱ መቆለፊያው ማብሪያው ላይ ተሰቅሎ እንደነበር ያሳያል፤ ግን አልተቆረጠም፣ ተከፍቶ ወደ መሣሪያ ሣጥኑ ተመልሷል። የፋንታሁን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ቁልፍ ያለው ሰው ነው። የሠራተኞቹን ትርፍ ቁልፍ የሚይዝ፣ መቆለፊያ አስቆርጦ የማያውቅ።» ወደ ተፈሪ ዞረች። «በስህተት ነው እንዳይሉ፣ ያ መቆለፊያ ምን እንደሚል እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል። ቤቴ ሄድኩ ያሉትም ውሸት ነው። ሥዕሉን ማን አወረደው? ተረኛው እርስዎ ነበሩ። አንድ ሰው ገድለው፣ ሬሳውን ጓሮ አውጥተው፣ ተመልሰው ገቡና ሥዕሉን በነጭ ጨርቁ ጠቀለሉት። እዚያው ትተውት ቢሄዱ ማን ይጠረጥርዎት ነበር? ግን እመቤታችን እያየችዎት ሥዕሏን መተው አልቻሉም።»

ተፈሪ ከትንሿ ወንበር ተነስቶ ባዶው ካቢኔ አጠገብ ቆመ።

«ባትሪውን ከአርብ በኋላ ገዝቼ ልተካው ነበር» አለ። «ለምኜዋለሁ። ታገሠኝ ብዬዋለሁ። ልጆቹ በጨለማ ተቀምጠው እንዴት እታገሥሃለሁ አለኝ።»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ። ፀገነት እዚያው ለሥራ አስኪያጁ ደወለች፣ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ። ሰውየው በጥሞና አዳመጣትና፣ ኩባንያው በጣም ያዝናል፣ በዓሉም ይተላለፋል አለ። ሌባ ስለተባለው ስትጠይቀው ግን የሕግ ክፍሉ አገላለጹን ይመለከተዋል ብሎ ዘጋው። ፀገነት ስልኩን መሬት ላይ ብትፈጠፍጠው ደስ ይላት ነበር።

ማ ዲኔዎ ተነስተው ደጅ ወጡና ለመንገዱ ሰው በዙሉ ተናገሩ። ይገረም ለፊቤ ተረጎመላት።

«ሰርቆ አይደለም፣ ለልጆቻችን ብሎ ነው የሞተው አለች። እነዚያ ሰዎች እዚህ መጥተው በአፋቸው ይህን እስኪሉ ድረስ ዕቃቸው ጣሪያዬ ላይ አይቀመጥም አለች።»

ሱቁን አቃጥላለሁ ብሎ የዛተው ሰውዬ መሰላል ይዞ መጣ። ኢዮኤል ማንም ሳያዘው ጣሪያው ላይ ወጣ። ፓኔሎቹ አንድ በአንድ ወርደው፣ ጋዜጠኛ ሁሉ እንዲያያቸው፣ መንገዱ ዳር ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ሦስተኛው ሲወርድ የፀገነት ስልክ ጮኸ፤ አንድ ሰው የፓኔሎቹን መውረድ በቪዲዮ ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ለቅቆት ኖሮ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ተለውጧል። ነገ ራሱ መጥቶ በሰው ፊት ይቅርታ እንደሚጠይቅ፣ መብራቱንም ዛሬውኑ እንደሚያስመልስ፣ ፓኔሎቹን ብቻ ባሉበት እንዲተዉለት ለመነ።

ፀገነት ይህን ለፊቤ ነገረቻት። ፊቤ መሰላሉን ከሥር በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

«ይምጣና ይበለው» አለች፣ መሰላሉንም አልለቀቀችም። «አንተ ኢዮኤል፣ ቀጥል።»