የጋሽ መቅዘፊያ ሁለት ቡሾች

አስከሬኑ አሸዋው ላይ በሸራ ተሸፍኖ ሲጠብቃት፣ ኢንስፔክተሯ በአንድ እግሯ ቆማ ጫማዋ ውስጥ የገባውን አሸዋ ታራግፍ ነበር። በማለዳ ከአልጋዋ ያስነሷት ሳያንስ፣ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ የመጨረሻውን አንድ ኪሎ ሜትር በእግሯ ነው የመጣችው። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ትንኟ» ይሏታል። ትንሽ ናት፤ አንዴ ከጀመረች ደግሞ ሰው አታስተኛም።

ሟቹን የሐይቁ ዳርቻ ሰው ሁሉ ጋሽ መቅዘፊያ ይላቸዋል። በትንሽ ጀልባ አሳ አስግሮ መኖር ለሚፈልግ ሁሉ፣ ጀልባ እንዴት ወደ ውሃ እንደሚገባና እንዴት እንደሚቀዘፍ ሠላሳ ዓመት አስተምረዋል። የአሳ አስጋሪዎቹ ማኅበር ያለ እሳቸው ፊርማ ለማንም ፈቃድ አይሰጥም።

ሳጅኑ ሪፖርቱን ጽፎ ጨርሷል።

«ሰክረው ነው» አለ ወረቀቱን እያቀበላት። «ጎህ ሲቀድ ብቻቸውን ጀልባ ገፍተው አስገቡ፤ ሊሳፈሩ ሲሉ ወደቁ፤ ማጅራታቸው ከጀልባዋ ጠርዝ ጋር ተጋጨና ሰመጡ። ሐኪሙም ሳንባቸው ውሃ ይዟል ብሏል። ጀልባዋን ባዶዋን ስትንሳፈፍ አግኝተን ጀልባ ከሚታሰርበት የእንጨት መወጣጫ ጋር አስረናታል። ውስጧ ይሄ ነበር።»

የመጠጥ ጠርሙስ ነው። ክዳኑን አዙሮ ከፈተና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋላት። ሽታው ከሟቹ ሸሚዝ ሽታ ጋር አንድ ነበር።

«ኪሳቸው ውስጥስ?»

«ቢላ፣ መሐረብና ሁለት ቡሽ።»

«አዛዡ ምን አሉ?»

«እስከ ቀትር ትዝጋው ብለዋል። የደም ምርመራው ውጤት ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ለአንድ ሰካራም ሁለት ሳምንት አንቀመጥም አሉ።»

ኢንስፔክተሯ ሪፖርቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

የሟቹ ልጅ መረብ መጠገኛው ክፍል ተቀምጣለች። አታለቅስም። መርፌዋ በተቀደደው መረብ ውስጥ ይወጣል፣ ይገባል።

«ሰክሮ ሞተ ብላችሁ ልትጽፉ ነው?» አለች ቀና ሳትል።

«ገና አልጻፍኩም።»

«ሰባት ዓመት አንድ ጠብታ አልቀመስኩም ይለኝ ነበር። ልጆቼን አያታችሁ ድኗል ብያቸዋለሁ። አሁን ምን ልበላቸው? ጠጥቶ ከሆነ ጻፉት፤ እችለዋለሁ። ካልጠጣ ግን…» መርፌዋ ቆመ። «ካልጠጣ ማወቅ አለብኝ።»

«አንቺ ምን ይመስልሻል?»

«የእሱን ነገር ማመን ካቆምኩ ቆይቻለሁ» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

የጋሽ መቅዘፊያን ጀልባ ቤት ጽሕፈት ሥራ የሚይዘው ታናሽ ወንድማቸው ነው። ቀኝ ክንዱ በጀሶ ታስሮ ከአንገቱ ተንጠልጥሏል። ገና ሳትቀመጥ ተናዘዘ።

«ጠርሙሱ የእኔ ነው። ከጠረጴዛዬ ሥር ነበር። በሩ አይቆለፍም።»

«ቦታውን ለመሸጥ ትፈልግ ነበር አሉ።»

«አሁንም እፈልጋለሁ። በዚህ ነገር እኔና ወንድሜ እሳትና ጭድ ነበርን። ግን በዚህ ክንድ እንኳን ሰው ልገፋ፣ ሱሪዬን የምታስታጥቀኝ ሚስቴ ናት!» ሊስቅ ሞከረና አቃተው። «እውነት ልንገርሽ? ወንድሜ ጠጣ ብዬ ለማመን አልፈልግም። ግን ሌላ ማን አለ?»

ከጀልባ ቤቱ ስትወጣ ፖስተኛው ከብስክሌቱ ሲወርድ ደረሰች። ከሁለቱ የወቅቱ ተማሪዎች አንዱ ነው። ብስክሌቱ እንደ ሙሽራ የተወለወለ ነው፤ ደወሉ ሳይቀር ያበራል። የግራ እጀታው ብቻ በመሐረብ ተጠምጥሟል።

«ነፍሳቸውን ይማር! ካየኋቸው እንኳ ሁለት ቀኔ» አለ።

«ለእሳቸው ፊርማ ስንት ጊዜ ተፈተንክ?»

«አራት።»

«አራቴም ወደቅክ?»

«አራቴም ጣሉኝ» ብሎ አረማት። «ሃያ ዓመት የሰው ደብዳቤ ተሸክሜ ኖርኩ። ባለፈው ዓርብ ሥራዬን ለቅቄ የራሴን ጀልባ ገዛሁ። ጀልባዋ ግቢዬ ውስጥ ቆማ ዶሮ ይተኛባታል። ለአንድ ፊርማ!»

«እጀታውን ምን ሆነህ ነው የጠመጠምከው?»

«እጄን ያልበኛል።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ዳርቻው ወረደች። አንድ ነገር አልዋጥልሽ ብሏታል። ሸሚዙ እስኪርስ የጠጣ የሰባ ዓመት ሰው፣ ብቻውን ጀልባ ገፍቶ ውሃ ውስጥ ማስገባት ይችላል? አሸዋው ላይ ከሟቹ ጀልባ ጋር አንድ ዓይነት የሆነች ሁለተኛ ጀልባ ነበረች። አጠገቧ ሁለተኛዋ ተማሪ፣ ወፍራሟ ልብስ ሰፊ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች።

«እትዬ፣ ይቺን ጀልባ እንዴት ነው የምታስገቧት? ልሞክራት።»

«አንቺ ልጄ? በዚህች ወገብሽ?»

ሦስት ግንዶች ከጀልባዋ ሥር ተጋድመዋል። ስትገፋ ጀልባዋ በላያቸው እየተንከባለለች ትሄዳለች፤ ከኋላ ነፃ የወጣውን ግንድ አንስቶ ሮጦ ከፊት ማጋደም ነው። ሲሉት ቀላል ነው። መጀመሪያ ስትገፋ የፊተኛው ግንድ ተፈናጥሮ ጀልባዋ በጎኗ ተጋደመች። ለሁለተኛ ጊዜ ስትገፋ ጀልባዋ በአንዴ አመለጠቻትና ኢንስፔክተሯ በግንባሯ አሸዋ ላይ ተደፋች። ልብስ ሰፊዋ ሐዘኗን ረስታ ሳቀች።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!»

ኢንስፔክተሯ አሸዋውን ተፋች። ለጀልባዋም፣ ለአዛዡም፣ ለሐይቁም እዚህ የማይጻፍ ስድብ ሰጠች። ለሦስተኛ ጊዜ ግንዶቹን አስተካክላ፣ ጥርሷን ነክሳ ገፋች። ጀልባዋ እየተንሸራተተች ውሃው ውስጥ ገባች። ኢንስፔክተሯ እጇን ወደ ላይ አነሳች፤ ከጠዋት ጀምሮ የተሳካላት የመጀመሪያው ነገር ነበር። ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። ጀልባዋ ከታች ውሃ ትሞላ ጀመር።

«ውታፉስ ልጄ?»

«የምን ውታፍ?»

«አይ አንቺ! ጀልባ የብስ ላይ ስትሆን የዝናብ ውሃ እንዲወጣላት ታችዋ ያለው ቀዳዳ ክፍት ነው የሚተወው። ልትገባ ስትል ይወተፋል። ጋሼ በመጀመሪያው ቀን መቅዘፊያ አያስነኩም፤ ቢላና እንጨት ሰጥተው ‹የራስሽን ውታፍ ጥረቢ› ነው የሚሉት። ሦስት ጣቴን ቆርጬ ነው ይቺን ያወጣኋት።» ከአንገቷ በክር የተንጠለጠለ፣ አውራ ጣት የሚያህል እንጨት መዝዛ አሳየቻት። «የእሳቸው ከኪሳቸው አይለይም። ፈተና የወደቅሽ እንደሆነ ደግሞ የአንቺን ቀምተው እዚያው ኪሳቸው ይከቱታል፤ ማታ ምድጃቸው ውስጥ ይማግዱታል፤ ሄደሽ ሌላ ትጠርቢያለሽ። ምስኪን ፖስተኛ አራት ጠርቦ አራቱንም ተቀማ። ሁልጊዜ ጥፋቱ አንድ ነው፤ መወተፍ ይረሳል! ትናንት ማታ አምስተኛውን ይዞ ቤቴ መጥቶ፣ ማንጠልጠያ ብሎ ቀይ ክር ወስዷል።»

ኢንስፔክተሯ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ እንደቆመች ዞረች።

«ሳጅን! ሁለቱን ቡሾች አምጣልኝ! ሰዎቹንም በሙሉ ወደ መወጣጫው ጥራቸው!»

ሲሰበሰቡ ስልኳ ጮኸ። አዛዡ ነበሩ። ዘጋችውና ጠርሙሱን ለሳጅኑ ሰጠችው።

«ክፈተው። ቡሽ አለው?»

«የ… የለውም። የሚጠመዘዝ ክዳን ነው።»

«ታዲያ ሁለት ቡሽ ከየት መጣ?»

ሳጅኑ ጆሮው ቀላ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች። «ሪፖርቱ ላይ ቡሽ ተብሎ ተጻፈ፣ ቡሽ ሆኖ ቀረ። እነዚህ ውታፎች ናቸው። ይሄ ያረጀው፣ ዘይት የጠጣው የማነው?»

«የአባቴ» አለች ልጅየዋ።

«ጋሽ መቅዘፊያ ይሄ ኪሳቸው ውስጥ እያለ ጀልባ ወደ ውሃ ያስገባሉ?»

«በሕልሙም አያደርገውም።»

«ሰክሮ ረስቶስ ቢሆን?» አለ ወንድምየው።

«ረስተው ቢሆን ጀልባዋ በሰመጠች ነበር። እኔ ረስቼ አይቼዋለሁ።» የራሰ ሱሪዋን አሳየችው። «ይቺ ግን ይኸው ትንሳፈፋለች። ስለዚህ ያስገባት ሌላ ሰው ነው፤ የወተፋትም በሌላ ነገር ነው።»

ጀልባዋ ውስጥ ወረደች። የኋላውን የወለል ሳንቃ አነሳች፤ ከሥሩ ትንሽ ውሃ አቁሯል። ውሃ ከገባ በኋላ ነው የተወተፈው ማለት ነው። እጇን ሰደደች፣ ጎተተች፣ አልወጣ አላት፤ ተሳደበችና እንደገና ጎተተች። አንድ ጥቁር ጎማ ይዛ ወጣች። ወዲያው ውሃው ፊጭ አለ። የጋሽ መቅዘፊያን ውታፍ ስትሰካበት ልክክ አለና ጸጥ አደረገው።

«አምላኬ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «የብስክሌት እጀታ!»

ሁሉም ወደ ፖስተኛው ዞሩ።

«ከተሰረቀብኝ… ከተሰረቀብኝ ሳምንት ሆነኝ» አለ።

«ቅድም እጄን ያልበኛል ነበር ያልከኝ። ይሁን። ውታፍህ የት አለ?»

«ቤት ረስቼዋለሁ።»

«አይደለም፤ እዚህ ነው።» ሁለተኛውን ከፍ አድርጋ አሳየች። እንጨቱ ገና ነጭ ነው፤ ጎኑ ላይ ትንሽ ፖስታ ተቀርጾበታል። ሳጅኑ የመጠጥ ፋብሪካ ምልክት መስሎት ነበር። «ይሄ ቀይ ክር ትናንት ማታ ከእትዬ ቤት የወሰድከው ነው። አንተ ጋሽ መቅዘፊያን ካየህ ሁለት ቀንህ ነው። ታዲያ ዛሬ ኪሳቸው ውስጥ ማን ከተተው? እሳቸው ናቸው የከተቱት። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ለአምስተኛ ጊዜ ተፈተንክ፤ ለአምስተኛ ጊዜ ወደቅክ።»

የፖስተኛው የታመቀ ንዴት ሁሉ ፈነዳ።

«ሁሉን አሟልቼ ነበር! ግንዶቹን ደርድሬ፣ መቅዘፊያዎቹን አስተካክዬ፣ ፊቷን ወደ ማዕበሉ አዙሬ! ልገፋ ስል ‹ውታፍህስ?› አሉኝ። ኪሴ ነበር! እዚሁ ኪሴ! ‹አሁን ልወትፈው› አልኳቸው። እጃቸውን ዘረጉ። ‹ሐይቁ አሁን ልወትፍ አይሰማም፤ ሄደህ ሌላ ጥረብ› አሉ። ገፋኋቸው። አንዴ ብቻ! ግንዱ ላይ በማጅራታቸው ወደቁና አልተነሱም።»

«ከዚያ ወደ ውሃው ጎተትካቸው።»

«ሞተዋል ብዬ ነው።»

«ሐኪሙ ሳንባቸው ውሃ ይዟል ብሏል» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ድምፅዋ ዝግ አለ። «የሞተ ሰው ውሃ አይተነፍስም። ሮጠህ ሰው ብትጠራ ዛሬ እዚህ ቆመው ይቆጡህ ነበር።»

ፖስተኛው መወጣጫው ላይ ቁጢጥ አለ። የቀረውን ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። ጀልባዋን ለብቻዋ ሲሰድዳት ውሃ ሞላባት፤ እንደገና መወተፉን ረስቶ ነበር። ውታፎቹ ከሟቹ ጋር ውሃ ውስጥ ናቸው። ከብስክሌቱ እጁ ላይ የመጣለትን ነቅሎ ሰካ።

«መጠጡስ?» ያለችው የሟቹ ልጅ ናት።

«አልጠጡም። እኔ ነኝ ጠርሙሱን ከቢሮው አምጥቼ ሸሚዛቸው ላይ ያፈሰስኩት።»

«ለምን?»

«ሰው ያምናል ብዬ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሳጅኑ ይዞት ሄደ። ልብስ ሰፊዋ እያለቀሰች ተከተለች፤ ወንድምየውም በደህና እጁ ፊቱን እየጠረገ ወደ ቢሮው ገባ። ኢንስፔክተሯ የድሮውን ሪፖርት ከመካከሉ ቀደደችው።

«አዲሱን እኔው ራሴ እጽፈዋለሁ» አለቻት ለልጅየዋ። «ጠብታ እንዳልነካቸው ይሰፍራል። ለልጆችሽ ልታነቢላቸው ትችያለሽ።»

ልጅየዋ ራሷን ነቀነቀች። መወጣጫው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ትናንት ማታ ልጆቹን ልይ ብሎ ቤቴ መጣ። ጠጥቷል የሚል ወሬ ሰምቼ ነበር። በሩ ላይ አቁሜ ‹አፍህን ክፈት፣ ላሽትህ› አልኩት። አባቴን። እንደ ሕፃን ከፈተልኝ።»

«እና?»

«ምንም አልሸተተኝም። ግን አላመንኩትም። አንድ ነገር አኝኮ ነው የመጣው ብዬ በሩን ዘጋሁበት።»

ኢንስፔክተሯ እርጥቡ ሳንቃ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች።