የሄርኩለስ ሽርጥ

ፍስሐ ሞቶ ሲገኝ በእጁ የተከፈተች መርፌ ቁልፍ ይዞ ነበር። ሣህሊቱን ሰላም የነሳቻት ይቺው ቁልፍ ናት። ሊሞት ያለ ሰው መርፌ ቁልፍ ምን ያደርግለታል?

ቢከን ሂል ሰፈር፣ የገዛ ቤቱ ሳሎን ውስጥ በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱን የመታው የነሐስ ሄርኩለስ አጠገቡ ተጋድሟል። ክንድ የማይሞላ ነገር ነው፤ ከአራት መቶ ዓመት በፊት አንድ ጣሊያናዊ የጥንት ሮማውያንን ትልቅ ሐውልት አይቶ በትንሹ ያቀለጠው። ራቁቱን ነው፤ ጉልበቱ ላይ ግን አበባ ያለባት ሽርጥ ወርዳ ተንጠልጥላለች።

ሣህሊቱ የግል መርማሪ ናት፤ አማርኛ ሲቸግራቸው ፖሊሶቹ ይጠሯታል። ቁጭ ማለት አይሆንላትም። የመኪና ቁልፏን እያሽከረከረች ወዲያ ወዲህ ትላለች።

«ይቺን ማን አለበሰው?»

«እኔ ነኛ!» አለች የሟች ሚስት ገነት። «አምና የገዛው ዕለት ሰፋሁለት። የጸሎት ጓደኞቼ ዕርቃኑን ይዩት እንዴ? ልኩን ነው የሰፋሁት፤ ከኋላ ለመቆለፍ ራሱ ትግል ነው።»

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«"ወይ ይሄ ጣዖት ወይ እኔ" አልኩት። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ሶ በዚህ ሊያስሩኝ ነው?»

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን ይነካካል። ሊያስራት ነው በቃ።

ወሬ ሰምተው ሁለት ወዳጆች መጥተዋል። አንዱ ዶክተር ማዕረግ፣ የሥነ ጥበብ መምህር።

«ሐውልቱን ይፈልጉት ነበር፣ ዶክተር?»

«በጣም! ግን ፍስሐ እንደ ሞግዚት ካጠገቤ ቆሞ ካልሆነ አያስነካኝም ነበር።»

«ከሱ ላይ ቅርጽ ወስዶ ሌላ ማቅለጥስ ይቻላል?»

«ይቻላል። ነሐስ ግን ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ቅጂው ሁልጊዜ ከዋናው ትንሽ ያንሳል።»

ሣህሊቱ ቁልፏን ማሽከርከር አቆመች።

ሁለተኛው ዘካሪያስ ነው። ዴ ሞይን ከተማ የብረታ ብረት ጥገና ቤት አለው። ፔጀሩን፣ ሰው ደውሎ ቁጥሩን ሲተውለት የሚጮኸውን መጥሪያ፣ ወገቡ ላይ ሰክቶ እግሩን ያርገበግባል።

«ሰም ልቀባው ወስጄ ክረምቱን ሙሉ እኔ ጋ ከረመ። ትናንት ማታ ከነሽርጡ መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ በአካልም በስልክም አልተገናኘንም። ኦኬ? ሥራ አለኝ!»

አስከሬኑ ሲነሳ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሰው ሲከሳ አይቻለሁ፤ ነሐስ ሲከሳ ግን ዛሬ ገና ነው» አለች። «አምና በልኩ የተሰፋች ሽርጥ ዛሬ ትወልቅበታለች።»

ዘካሪያስ ሳቀ። «ጨርቅ ነዋ! ታጥቦ ሰፍቶ ነው።»

«አንተ ደግሞ!» አለች ገነት እንባዋን ሳትጠርግ። «ጨርቅ ታጥቦ ይጠባል እንጂ መቼ ሲሰፋ አየህ?»

«ጠዋት ገነት ገበያ ወጣች» አለች ሣህሊቱ። «ፍስሐ ሽርጧ ስትወርድ አየ። መርፌ ቁልፍ አምጥቶ ሊያጠብቃት ሲል ገባው፤ ሽርጧ አልሰፋችም፣ ሐውልቱ ነው ያነሰው። ቅጂ ነው። ሶ ማንን ይጠራል? ዋናው ብቻውን የከረመው አንድ ሰው ቤት ነው።»

«ግምት!» አለ ዘካሪያስ።

«ኦኬ። እህቴ፣ ፖሊስ የጠራሽው በየትኛው ስልክ ነው?»

«በጎረቤት። እየጮህኩ ወጣሁ እኮ።»

ፖሊሱንም ጠየቀችው፤ የቤቱን ስልክ ማንም አልነካም። ሣህሊቱ ስልኩን አነሳችና የመጨረሻውን ቁጥር መልሶ የሚደውለውን ሪዳይል ተጫነች። ጢጥ ሲላት የቤቱን ቁጥር አስገብታ ዘጋች።

ዝናቡ መስኮቱን ይቆረቁራል።

ዘካሪያስ ወገብ ላይ ፔጀሩ ጮኸ።

በመዳፉ ሊያፍነው ሞከረ፤ መጮሁን አልተወም። «ና አለኝ፣ መጣሁ» አለ ድምፁ ተሰብሮ። «ለሰው ሁሉ እናገራለሁ ሲለኝ... ገዢ አግኝቼ ነበር እኮ!»

ሣህሊቱ ለፖሊሱ በእንግሊዝኛ ነገረችው። ካቴናው ገነትን አልፎ ዘካሪያስ እጅ ላይ ገባ።

«ዋናው የት ነው?» አለች ገነት።

«ሱቄ ውስጥ።»

«ዕርቃኑን?»

ሶፋው ላይ ዝርፍጥ አለች።

«ተጣልተን አድረን እንኳ» አለች፣ «ለኔ እንግዶች ብሎ ነው እኮ ያችን መርፌ ቁልፍ ያነሳት።»