የግብር ከበሮ

የኪካርፑር ከተማ የቤት ግብር ሹም ኦምካር ብሃርጋቫ ተገድሎ በተገኘበት ጠዋት፣ መንገዱን ከሞላው ሰው መካከል አንድም ያዘነ አልነበረም። ኢንስፔክተር ቪምላ ራቲ ከመኪናዋ ስትወርድ አንድ ሽማግሌ ሆን ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«የእኛ ቧንቧ ከደረቀ ሁለት ወሩ፤ ዞር ብሎ ያየን የለም። ለእሱ ሲሆን ግን በአንድ ስልክ ከች አሉ።»

«እርስዎም ሲገደሉ ይደውሉ፣ አባባ» አለችና አልፋቸው ወጣች።

ሬሳው የተገኘው በመበለቲቱ በሻርዳ ታኒ ቤት፣ ጣራው ላይ በተሠራች የጡብ ክፍል ውስጥ ነው። ወደ ክፍሏ ሁለት ደረጃ ያወጣል፤ አንዱ ከመንገዱ፣ ሌላው ከሻርዳ ማድቤት። ሰውየው ከመስኮቱ ሥር ተዘርሯል። ራሱን የፈረከሰው ፌሮ አጠገቡ ወድቋል። ደሙ የሚጀምረው ግን ከበሩ ዘንድ ነው፤ እዚያ ተመትቶ፣ ተንገዳግዶ ነው መስኮቱ ጋ የወደቀው። ቪምላ በሩ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። መቃኑን አየች፤ ግድግዳውን አየች፤ የበሩን ሁለት ገጽ በመዳፏ ዳሰሰች። ጣቷ ላይ የቀረውን የጥጥ ብናኝ እፍ ብላ አራገፈችና ወረደች።

ሟቹ ለምን እንደተጠላ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ኪካርፑር በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደ ሊጥ ኩፍ ብላለች። ምክር ቤቱ ፋብሪካ እንዲመጣለት የዐሥር ዓመት የግብር እፎይታ ለመጣው ሁሉ አደለ። ፋብሪካው መጣ፣ ሠራተኛውም መጣ፤ ውሃና መንገድ የሚሠራበት ገንዘብ ግን አልመጣም። ስለዚህ ጫናው በቤት ባለቤቶች ላይ ወደቀ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ማዘጋጃ ቤቱ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ከበሮ መቺ ቀጥሮ ባልከፈለው ሰው ደጅ ላይ፣ ጎረቤት እየሰማ ያስደልቅበት ጀመር። ክፍል ደብቆ የተገኘ ደግሞ ከነቅጣቱ ካልከፈለ ቤቱ ይታሸጋል። የዚህ ሁሉ ውርደት ፊት ብሃርጋቫ ነበር።

የሟቹ ምክትል ጊሪሽ ፓትዋ የሚያኝከውን ቅጠል በጉንጩ እንደያዘ ደጅ ላይ ቆሟል።

«አለቃዬን ማን ይወደዋል፣ እመቤቴ? በገዛ ወንድሙ ደጅ ከበሮ ያስመታ ሰው ነው።»

«አንተስ?»

«እኔማ ወንበሩን እፈልገው ነበር። ምን እዋሻለሁ።»

«ትናንት ምን ሆነ?»

«ከበሮው እዚህ ደጅ ሲመታ ‹ከላይ ሆኜ የማየው ነገር አለኝ› ብሎ በመንገዱ ደረጃ ወጣ። በዚያው ቀረ። ሳይነግረን መሄድ ልማዱ ስለነበር አመሻሽ ላይ መቺዎቹን ይዤ ሄድኩ። ከእነሱ ለአፍታም አልተለየሁም፤ ይጠይቋቸው።»

ከበሮ መቺዎቹ መሰከሩለት። ከሟቹ በኋላ በዚያ ደረጃ የወጣና የወረደ አንድ ሰው ብቻ አይተዋል፤ ከቤቱ ጀርባ ያለው የልብስ ፋብሪካ ባለቤት፣ ጃግዲፕ ላምባ።

ላምባ ሲጠየቅ አልካደም። ቢሮው ውስጥ ወንበር እንኳ ሳይጋብዛት መለሰ።

«ወጥቻለሁ። ስለ ፋብሪካዬ የግብር እፎይታ ላነጋግረው ፈልጌ ነበር። በሩ ከውስጥ ተዘግቷል። ባንኳኳም የሚከፍት የለም። ከበሮው እንደዚያ እየጮኸ እንኳ የአሮጊቷ ድምፅ ከበሩ ኋላ ይሰማል፤ ‹ሬሳህ ይውጣ› ትለዋለች። በሰው ጠብ ምን ጥልቅ አደረገኝ ብዬ ወረድኩ። ዛሬ ጠዋት ከሰዉ ጋር ወጥቼ ያንኑ በር ሳየው ነው የዘገነነኝ።»

«እርግጠኛ ነዎት? በሩ ተዘግቶ ነበር?»

«ዓይን አለኝ እኮ፣ ኢንስፔክተር።»

ሻርዳ ማድቤቷ ውስጥ ተቀምጣ ባሚያ ትከትፋለች። ቪምላና ጊሪሽ ሲገቡ ቀና ብላም አላየችም።

«ገደሉት፣ እማማ?»

«ምኞቱስ ነበረኝ። ሌላ ሰው ቀደመኝ።»

«ትናንት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ከበሮ ሲመጣ ሁላችንም ዘግተን የለንም እንላለን። ዛሬ ጠዋት ኩበት ላወርድ ብወጣ ተጋድሞ አገኘሁት።»

«ላምባ በሩ ከውስጥ ተዘግቶ፣ ከኋላው የእርስዎን ድምፅ ሰማሁ ይላል።»

ቢላዋው ቆመ። አሮጊቷ አፏን ከፈተች፤ ከቪምላ ኋላ የቆመውን ጊሪሽን አየችና መልሳ ዘጋችው።

«ይበል።»

«ዝም ካሉ እስር ቤት ነው የሚሞቱት።»

«ይህን ቤት ባሌ በጀርባው ጡብ ተሸክሞ ነው የሠራው። እኔ የትም ልሙት። ቤቱ ለልጅ ልጄ ይቀራል።»

ቪምላ ተናደደች። ሴትየዋ ከወህኒ ይልቅ የግብር ደብዳቤ የምትፈራበት ከተማ ውስጥ ፖሊስ መሆኗ አስጠላት።

ከቀትር በኋላ ሦስቱንም ጣራው ላይ ባለችው ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች ደረጃው ላይ ቆሙ።

«ጊሪሽ፣ በእናንተ ደንብ በር የሌለው ክፍል ምን ይባላል?»

«ያላለቀ ሥራ። ግብር አይከፈልበትም።»

«ትናንት በዚህ መንገድ ስታልፉ፣ ጣራ ላይ ካሉት ክፍሎች በር ያለው አየህ?»

«አንድም።»

«እስቲ አሁን ወጥተህ እይ።»

ጊሪሽ አንገቱን አወጣ። በየጣራው ሰማያዊ በር፣ አረንጓዴ በር፣ ከአሮጌ ቆርቆሮ የተሠራ በር ተደርድሯል። ማኘኩን አቆመ። ይህን ነገር ድሮም ሳይጠረጥር አልቀረም፤ አለማወቅ ይቀለው ነበር እንጂ።

«ከበሮው እየመጣ ነው ሲባል» አለች ቪምላ «መንገዱ በሙሉ በሩን ከማጠፊያው ነቅሎ ይደብቃል። ከበሮው ሲሄድ መልሶ ይሰቅላል። አሁን ይህን በር እዩ። ሟቹ የተመታው እዚህ፣ ደፉ ላይ ነው። በሩ ተዘግቶ ቢሆን ደሙ በሩ ላይ ይረጭ ነበር፤ በሩ ግን ጠብታ የለበትም። ወደ ውስጥ ተከፍቶ ቢሆን ደግሞ ከኋላው ያለው ግድግዳ በተረፈ ነበር፤ እዚያ ጡቡ ላይ ደም አለ። መቃኑ ላይም፣ የማጠፊያው ጉድጓድ ውስጥም አለ።»

«ታጥቦ ይሆናላ» አለ ላምባ።

«የታጠበ በር ላይ አቧራና የፍራሽ ጥጥ አይገኝም። ይህ በር ትናንት ቀኑን ሙሉ አልጋ ሥር ነበር። ታዲያ አቶ ላምባ፣ ያንኳኩት የትኛውን በር ነው?»

ላምባ ዞሮ በሩን አየው።

«ትናንት እዚህ ሲገቡ ክፍት ነበር። በችኮላ የገባ ሰው ‹ክፍት ነው› ይላል እንጂ በሩ የት ሄደ አይልም። ዛሬ ጠዋት በሩን ተሰቅሎ ሲያዩ ውሸትዎን እሱ ላይ ሰቀሉት። የዚህ መንገድ ሰው፣ ሕፃኑም ቢሆን፣ እንዲህ ያለ ውሸት አይዋሽም። ዐሥር ዓመት ደጁ ከበሮ ያልተመታበት ሰው ብቻ ነው የሚዋሸው።»

«ለምን ብዬ ነው የምገድለው?»

ቪምላ ወደ መስኮቱ ጠቆመች። ከታች የላምባ አዲስ አዳራሽ ጎኑ ገና አልተከደነም። ውስጡ ማሽንም ሠራተኛም የለበትም፤ አንዲት ፍየል ታስራበታለች።

«እፎይታዎ በዚህ ወር ያልቃል። ‹አስፋፍቻለሁ፣ አዲስ ፋብሪካ ተክያለሁ› ብለው ሌላ ዐሥር ዓመት ጠይቀዋል። ብሃርጋቫ ሊያየው የወጣው ይህንን ነው። አይቶ ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቁት።»

«ግምት ነው» አለ ላምባ። ወደ ሻርዳ ዞሮ ፈገግ አለ። «በሩ አልነበረም የሚል ማን ነው? እሷ? ‹ግብር የምሰርቅ ሌባ ነኝ› ብላ ልትመሰክር?»

አሮጊቷ ጊሪሽ ኪስ ላይ የተሰካውን ብዕር አየች፤ ግድግዳውን አየች።

«ሌባስ ነኝ» አለች። «በሩ አልጋዬ ሥር ነበር። አመሻሽ ላይ ከአናጢው ከቢርጁ ጋር ሰቀልነው። ጨለማ ስለነበር ሰው መውደቁን ሳናይ ዘግተንበት ወረድን። ይመስክር፣ ጥሩት። ማድቤቴ ውስጥ እንኳ ሆኜ አልጮህኩም፤ ከበሮ ሲመታ ትንፋሼን ውጬ ነው የምቀመጠው።»

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» አለች ቪምላ ወደ ላምባ ዞራ። «የእርስዎስ አንድ ቀንም አላደረ።»

ፖሊሶቹ ላምባን ይዘው ወረዱ። ጊሪሽ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ ሻርዳ፣ ይህችን ክፍል መመዝገብ ግዴታዬ ነው። የስድስት ዓመት ግብር፣ ከነቅጣቱ።» የሚናገረው ወለሉን እያየ ነው።

«መዝግብ።»

ጻፈ። ሊነሣ ሲል አሮጊቷ ክንዱን ያዘችና ወደ መስኮቱ ጎተተችው።

«ያንንም መዝግብ።»

«እሱን ምክር ቤቱ ነው የሚያየው፤ እኔ እንኳ…»

«አለቃህ አይቶት ሞተ። አንተም አይተኸዋል። ባዶ ነው ብለህ ጻፍ። ፍየሏንም ጻፍ።»

ጊሪሽ ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። ዛሬ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ወንበሩን የሚሰጡት ደግሞ ምክር ቤቱ ውስጥ ያሉት የላምባ ወዳጆች ናቸው። ቪምላ ይህን ታውቃለች። በሩን ከውስጥ ዘጋችና ጀርባዋን አስደግፋበት ቆመች።

«ስትጨርስ እከፍትልሃለሁ» አለችው።