ስም ጠሪዋ

ትርሲት ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ስትገባ ከሁሉ አስቀድማ የምታደርገው የጌም መሞከሪያዋን ክፍል በር ከፍቶ ማናፈስ ነበር። ክፍሏ መስኮት የላትም። ድምፅ እንዳይገባና እንዳይወጣ ግድግዳዋም ጣሪያዋም በጥቁር ስፖንጅ ስለተለበጠ፣ የትናንት ተጫዋቾች ላብና የጋለ ኮምፒዩተር አቧራ እዚያው ታፍኖ አድሮ ጠዋት በሩ ሲከፈት ያልደረቀ ብርድ ልብስ ይሸታል። በሩን በወንበር ታስደግፍና የአስተያየት ቅጾቹን ትደረድራለች፤ እስክሪብቶዎቹ መጻፋቸውን እጇ ላይ ትሞክራለች፤ የመጀመሪያው ተጫዋች እስኪመጣ ሻይዋን ፉት ትላለች።

ሥራዋ ቀላል ነበር። ቢሮው ውጭ አገር የተሠራ አንድ ጌም ወደ አማርኛ እየመለሰ ነው፤ እሷ ደግሞ እየመጡ ከሚሞክሩት ወጣቶች አስተያየት ትሰበስባለች። ጌሙ ከአንድ አስፈሪ ፊልም የተወሰደ ነው። በፊልሙ ውስጥ የአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ከሞተች በኋላ በየኮሪደሩ እየዞረች ስም ትጠራለች፤ የመለሰላትን ይዛ ትሄዳለች። በጌሙ ደግሞ ተጫዋቹ ራሱ ተማሪ ሆኖ፣ ሁሉን በራሱ ዓይን እያየ፣ ከአልጋ ሥር ወደ አልጋ ሥር እየተሳበ ከግቢው ማምለጥ አለበት። ሄድፎኑ ማይክሮፎን አለው፤ ተጫዋቹ ቢያስነጥስ ወይም ወንበሩን ቢያንቋቋ ሴትዮዋ ትሰማለች። ዝም ያለ ያመልጣል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት አስተያየቶች የሚያስቁ ነበሩ። አንዱ ፊልሙ ይሻላል አለ፤ ሌላው ደረጃው አያልቅም፣ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ጻፈ፤ አንዷ ልጅ በጌሙ የሚታየው እጇ የተቀቀለ ካሮት መምሰሉ ቅር ብሏት አማረረች። ሴትዮዋ በፊልሙ ላይ ተረጋግታ ነበር የምትሄደው፣ እዚህ ምን አስቸኮላት ያለም ነበር። ትርሲት ለብቻዋ እየሳቀች ወደ ኮምፒዩተር ትገለብጠዋለች። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የሰባት ዓመት ልጇ መክሊት የፈተና ወቅት ስለሆነ በግማሽ ቀን ተለቅቃ በትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ትመጣና መስኮት በሌለው ኮሪደር ላይ ካለችው ጠረጴዛ ተቀምጣ እናቷን እየጠበቀች ሥዕል ትቀባለች። ትርሲት በዚህ ዓለም ላይ ከእሷ ሌላ ማንም የላትም፤ ይህንን ለሰው አትናገረውም እንጂ በየቀኑ ታስበዋለች።

ድምፁን የቀዳችው ራሷ ትርሲት ነበረች። መጀመሪያ የተቀጠረችው ተዋናይት ግማሽ ላይ አቁማ ስልኳን ማንሳት ስትተው፣ የቢሮው ባለቤትም የድምፅ ባለሙያም የሆነው ዳኘ ትርሲትን ያንቺ ድምፅ እናት እናት ይላል ብሎ አግባባት። በዚያችው ስፖንጅ ክፍል ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጣ መቶ ሃያ ስም አነበበች፤ እያንዳንዱን መጀመሪያ በለሰለሰ፣ ቀጥሎ በቆጣ፣ በመጨረሻ ጆሮ ሥር በሚነገር ሹክሹክታ። ለተጫዋቾቹ አልተነገራቸውም። እፊቷ ተቀምጠው ስለ ድምፁ ሲያወሩ እሷ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። እናቴን መሰለችኝ የሚለው አስተያየት በሳምንት ውስጥ አምስት ጊዜ መጣ።

እስከዚያ ከመጡት አሥራ አራት ተጫዋቾች ሦስቱ ሴትዮዋ ስትጠራቸው አቤት ብለዋል። ዳኘ ይህን ሲሰማ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ይህ ይመጣል ብለው አላሰቡም አላት፤ እነሱ አገር ሙት ሲጠራ ማን ይመልሳል፣ የእኛ ልጅ ግን ሲጠሩት አቤት ሲልኩት ወዴት እንዲል ሆኖ ያደገ ነው፣ ኩኩሉ ስንጫወት እንኳ ፈላጊው ሲጣራ ከተደበቅንበት አልነጋም ብለን የምንመልስ ነን። ትርሲትም ሳቀች። መክሊት ስትጠራ ምን ካለች አቤት እስክትል ጆሮዋን የምትቆነጥጥ እናት ስለሆነች ነገሩ ገባት።

የመጀመሪያው የማይመች ነገር በሶፎንያስ ቅጽ ላይ መጣ። ሶፎንያስ የምህንድስና ተማሪ ነው፤ አቤት ካሉት ከሦስቱ አንዱ። የአማርኛው ድምፅ ቆንጆ ነው፣ ግን የቤት ስሜን ማን ነገራችሁ ብሎ ጽፏል። ትርሲት መዝገቡን ብታይ ልጁ ጌሙን ሲጀምር በስም ቦታ ያስገባው ሶፎንያስ የሚለውን ብቻ ነው። አለፍ ብላ ያነበበቻቸውን መቶ ሃያ ስሞች ከላይ እስከ ታች በጣቷ ተከትላ ብትፈልግ ሶፎንያስ ራሱ የለበትም። ስሙ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነውን ተጫዋች አንተ ልጅ እያለ እንዲጠራ ነበር የተሠራው። ዳኘ ፕሮግራሙ ፊደል ከፊደል እየቀጠለ ይሆናል አላት። ይህንን ማመን ስለሚቀል አመነችው።

በማግስቱ አንዲት ልጅ ቅጹን ሳትሞላ ቦርሳዋን አንሥታ ቆመች። ፊቷ ገርጥቶ ነበር። ሴትዮዋ በክርስትና ስሟ እንደጠራቻትና ያን ስም ከእናቷና ከንስሐ አባቷ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ነገረቻት። በክርስትና ስም መተት ይሠራበታል ተብሎ ስለሚፈራ በቤታቸው ጮክ ተብሎ አይነሣም። ትርሲት መለሽላት ወይ ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ አፏን በመዳፏ ይዛ እንዳሳለፈችው ነግራት ሄደች፤ ደግማም አልመጣችም።

ዓርብ ጠዋት የሶፎንያስ እናት ደወሉ። ልጃቸው ጤነኛ ነው፣ ይበላል፣ ትምህርቱንም ይሄዳል፤ ሐኪም ጆሮው ደህና ነው ብሏቸዋል። «ስጠራው አይዞርም የኔ ልጅ» አሉ። «ሌላውን ሁሉ ይሰማኛል። ስሙን ስጠራ ብቻ ሌላ ሰው የጠራሁ ይመስለዋል። እዚያ እናንተ ጋ ምን ነካው?» ትርሲት አይዞዎት አለቻቸው።

ልጁ ሰኞ ለሁለተኛው ዙር ቀጠሮ ነበረውና መጣ። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የመክሊትን ሥዕል እያየ ሳለ ትርሲት ከኋላው ስሙን ጠራችው፤ አልዞረም። ጠጋ ብላ ደገመችው። ትከሻውን ስትነካው ነው በትሕትና ፈገግ ብሎ የዞረው። ቅጹን ሰጠችው። የመጀመሪያው መስመር ላይ እስክሪብቶውን አሳርፎ ቆየና፣ «እዚህ ጋ ምንድን ነው የሚጻፈው?» አላት።

ስምህን አለችው። የረሳውን ነገር እንደሚያስታውስ ሰው ግንባሩን ቋጠር አድርጎ አሰበ፤ ከዚያ አሁንም ፈገግ እንዳለ እስክሪብቶውን መለሰላት። ሌሎቹ ሁለቱ አቤት ባዮችም በዚያው ሳምንት መጡ፤ አስተያየታቸውን ሁሉ ሞልተው የስሙን መስመር ባዶ ትተውት ሄዱ። ትርሲት ሦስቱን ቅጾች ጎን ለጎን ዘርግታ አየቻቸው። ፈራች፤ ለራሷ እንኳ ልትደብቀው አልቻለችም።

ቅጾቹን በዘረጋችበት ቀን መክሊት ቤት ሲደርሱ ጫማዋን እያወለቀች ጠየቀቻት። «እማ፣ ቅድም ለምን ጠርተሽኝ ዝም አልሽ?»

ትርሲት አልጠራቻትም ነበር። ከአንድ ተጫዋች ጋር መሞከሪያው ክፍል ውስጥ ነበረች። «አቤት አልሽ?» አለቻት።

«ብስኩት አፌ ውስጥ ነበር» አለች ልጅቷ፤ እንዳትቆጣትም ፈርታ ዓይን ዓይኗን አየቻት።

ትርሲት ልጇን ሚጡዬ ብላ ጭምቅ አድርጋ አቀፈቻት። ከዚያ ሰባት ዓመት ሙሉ በቁንጥጫ ያስተማረቻትን ቁጭ ብላ አፈረሰችው። በዓይንሽ ሳታዪኝ በድምፄ ብጠራሽ እንዳትመልሺ፣ ሦስቴም ብጠራሽ አሥሬም ብጠራሽ አቤት እንዳትዪ አለቻት። መክሊት ይህ ብልግና ነው ወይስ ጨዋታ ብላ ግራ ተጋባች፤ እናቷ ግን እሺ እስክትል አልለቀቀቻትም። ለመኝታ ሲዘጋጁም፣ ጠዋት ዩኒፎርሟን ስታለብሳትም አስደገመቻት።

ጠዋት ዳኘን ድምፄን አጥፋልኝ አለችው። ሥራው በሁለት ቀን ውስጥ የሚላክ ስለሆነ ተቆጣ፣ ለመነ፣ ቀለደ፤ መጨረሻ ላይ ፊቷን አይቶ ቀልዱን ተወው። «ግቢና ራስሽ ተጫወቺው» አላት። «የልጅሽን ስም ስትጠራ በጆሮሽ ከሰማሽ፣ እምልልሻለሁ፣ ሁሉንም እደመስሰዋለሁ።» እሱ ጉዳይ ነበረውና ወጣ። ያን ቀን ሌላ ተጫዋች አልተቀጠረም። ትርሲት ሰዓቷን አየች፤ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። መክሊት እስክትመጣ አንድ ሰዓት ተኩል አለ፤ ከዚያ በፊት እጨርሳለሁ ብላ ገባችና ከባዱን በር ዘጋች።

ስሟን አላስገባችም፤ የስሙን ቦታ ባዶ ትታ አለፈች። ሄድፎኑ ጆሮዋ ላይ ሲያርፍ የሕንፃው ድምፅ ሁሉ ጠፋና የአዳሪ ቤቱ መጣ፦ ራቅ ብሎ የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ የሽቦ አልጋ ሲጥ ሲጥ ሲል፣ ሲሚንቶ ላይ ቀስ እያለ የሚሄድ ተረከዝ። ተሳበች። ከአንድ አልጋ ሥር ወደ ሌላው እያለፈች፣ በመጨረሻው መደዳ ቆማ ስታዳምጥ፣ የራሷ ድምፅ ከኮሪደሩ ስም መጥራት ጀመረ። እሷ ያነበበቻቸው ስሞች ነበሩ፤ ከዚያ ያላነበበቻቸው መጡ። የመክሊትን ስም ጠበቀች። ብዙ ስም አለፈ፤ ደቂቃውን መቁጠርም ረሳች።

ከዚያ ድምፁ ትርሲት አለ። የሻርፗን ጫፍ ጥርሷ መካከል አስገብታ ነከሰች። የሞተው አባቷ ብቻ ይጠራት በነበረው የቤት ስሟ ጠራት፤ ዓይኗ እንባ አዘለ፣ አልመለሰችም። በክርስትና ስሟ ሲጠራት ጉሮሮዋ በራሱ ፈቃድ ተከፍቶ ቃሉ ምላሷ ሥር ደረሰ፤ ሻርፑን እያኘከች ዋጠችው። የዚያን ጊዜ አዳሪ ቤቱ በአንድ አፍታ ድርግም ብሎ ጨለመ። ቧንቧው ዝም አለ፤ ተረከዙም ዝም አለ። አሁን ቀርባለች ማለት ነው ብላ አሰበች። ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አጣብቃ፣ ትንፋሿን በአፍንጫዋ እየመጠነች፣ ዓይኗን ካፈጠጠችበት ጨለማ ሳታነሣ፣ ምን ያህል እንደቆየች ሳታውቅ ጠበቀች።

ድምፅ መጣ። ራቅ ያለ ነው፣ በብርድ ልብስ ውስጥ እንዳለፈ የታፈነ፤ የእሷ ግን አልነበረም።

«እማ?»

የልጄንም ድምፅ ወሰደችው አለች በልቧ። መክሊት ገና ትምህርት ቤት ናት፤ ይኼ እሷ አይደለችም።

«እማ፣ የት ነሽ?»

የሻርፑን ጨርቅ እስኪቀደድ ነከሰች። እናት ሆና ይህን ችላ መስማት ከባድ ነበር፤ ድምፁ ለቅሶ የጀመረው፣ መጨረሻው ላይ ቀጠን የሚለው የመክሊት ድምፅ ነው። አታገኚኝም፣ እሷንም በእኔ በኩል አታገኚያትም እያለች ራሷን አጸናች።

«እማዬ፣ ጨለማ ነው። ፈራሁ።»

ሦስት ጊዜ ተጠራች፣ ሦስቴም አልመለሰችም። ድምፁ ተቋረጠ። ትርሲት ችዬዋለሁ አለች፤ ደረቷ ውስጥ ኩራት የሚመስል ሙቀት ተሰማት፤ ትከሻዋንም ፈታ አደረገች። ሻርፑን ከአፏ አውጥታ በረጅሙ ስትተነፍስ ነው የጎደለውን ነገር ያስተዋለችው። ከሁሉ ድምፅ ሥር ሳያቋርጥ የሚያንሿሿው የኮምፒዩተሩ ማራገቢያ የለም። ጠረጴዛው ሥር ሌት ተቀን የሚበራው ቀዩ መብራት የለም። እጇን ሰድዳ ስክሪኑን ብትዳብሰው ቀዝቅዟል።

መብራት ሄዶ ነበር። መቼ እንደሄደ አታውቅም። ሄድፎኑን ከራሷ ላይ መንጭቃ ጥላ፣ በጨለማው ውስጥ በሩን እየዳበሰች፣ አቤት ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከበሩ ወዲያ ከኮሪደሩ መጨረሻ የገዛ ድምጿ ቀደማትና በፍቅር «አቤት፣ ሚጡዬ» አለ፤ ትንንሽ ጫማዎችም ወደዚያ ሲሮጡ ሰማች።